በጭቃ የታተመ በረዶ

ባለፈው ሰኔ፣ እዚህ ሮም ውስጥ፣ ከካስትሮ ፕሬቶሪዮ ወደ ተርሚኒ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ የአገራችን ሰው ሱቅ ደጃፍ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ቆሞ ሐብሐብ ያራግፉ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ወደ ሠርክ ጸሎት እየተጣደፍኩ ነው። የመኪናው የኋላ በር ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ወጥቶ ፊቴን መታኝ። ብርዱ ብቻ ቢሆን አልፌው እሄድ ነበር፤ ሐብሐቡ የተኛበት የእርጥብ ጭድ ሽታ አብሮት መጣ። እግሬ ቀጥ አለ። ሰው ምን ይለኛል ሳልል ወደ መኪናው ተጠግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት።

«እህቴ፣ ሐብሐብ በመዳፍ መታ መታ ተደርጎ ነው የሚመረጠው፤ በአፍንጫ የሚመርጥ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለኝ ባለሱቁ።

«በረዶ ሸቶኝ ነው» አልኩት።

«በረዶ ደግሞ ምን ሽታ አለው?»

አለው። ቆሜ ልንገረው ብል ጸሎቱ ሊያመልጠኝ ሆነ። አንድ ሐብሐብ ገዝቼ ታቅፌ ሄድኩ። በጸሎቱ መካከልም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሐሳቤ የነበረው ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ እዚያ ኮረብታ ላይ ነው።

እማዬ ከእኔ ቀድማ ነው ወደዚህ አገር የመጣችው። እኔ ጨርጨር አክስቴ ዘንድ ቀረሁ። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ተስተካክሎ ያስመጣችኝ ጊዜ የምትሠራው ከሮም በስተሰሜን፣ ከካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ወረድ ብሎ ባለ አሮጌ ርስት ላይ ነበር። የርስቱ ባለቤት ሲኞራ ክሌሊያ እግራቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ አሮጊት ናቸው። እማዬ እሳቸውን ትጦራለች፤ እኛ ከአትክልቱ ቦታ አጠገብ ባሉ ሁለት ክፍሎች እናድራለን።

ገና ከፑልማኑ፣ ከአውቶቡሱ፣ ስወርድ ዓይኔ ያረፈው ከትልቁ ቤት በስተጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። ዙሪያው የታረሰ ሜዳ ነው፤ ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ሌቾ የሚሏቸው፣ ቅጠላቸው የማይረግፍ፣ ጥቋቁር ትልልቅ ዛፎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ሻንጣዬን አስቀምጬ ሦስት ጊዜ አማተብኩ። ያደግኩበት አገር መሬቱ ሁሉ ታርሶ፣ ኮረብታው ሁሉ ተራቁቶ፣ ያን ያህል ዛፍ ሳይቆረጥ የሚቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ካየሽ ተሳለሚ ተብዬ ነው ያደግኩት።

በማግስቱ ወጣሁ። ከዛፎቹ መካከል ክብ ቤት አለ፤ ግማሽ ጎኑ መሬት ውስጥ የገባ፣ ጣሪያው አፈር ለብሶ ሣር ያበቀለ፣ መስኮት የሌለው። አንዲት ዝቅ ያለች በር አለችው፤ እሷም በሰሜን በኩል ናት። የሰሜን በር የወንዶች እንደሆነ አውቃለሁና በደቡብ በኩል የሴቶቹን በር ልፈልግ ዞርኩ። የለም። እንግዲህ ከውጭ እሳለማለሁ ብዬ ጫማዬን አውልቄ፣ የበሩን መቃን ስሜ ተመለስኩ።

«እማዬ፣ ያ ከላይ ያለው የማን ነው?» አልኳት ማታ።

እማዬ የሲኞራን ካልሲ ትሰፋ ነበር፤ ቀና አላለችም። «የሲኞራ ነዋ። እዚያ አትጫወቺ።»

የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ያላቸው ሴትዮ ናቸው ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲኞራን እጅ ስነሳ ወገቤን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ሴትዮዋም ይቺ ልጅ አስተዳደግ አላት እያሉ ለሰው ያወሩ ጀመር። በአንጻሩ መንገዱ ዳር፣ ዛፍ የሌላት፣ ባለ አራት ማዕዘን ትንሽ ቤት ነበረች። የመብራት ኃይል ቤት ትሆናለች ብዬ በየቀኑ ሳላማትብ አልፋታለሁ። እሷ ነበረች እውነተኛዋ ቤተ ጸሎት።

ጥርጣሬዬን ሁሉ ያጠፉት ጋሽ ኔሎ ናቸው። የርስቱ አትክልተኛ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ሰው ሁሉ ሶር ኔሎ ይላቸዋል። እማዬ የአክብሮት ስም ነው ሲሏት ወደ አገሯ መለሰችውና ጋሽ ኔሎ አለቻቸው። እሳቸውም ወደዱት። አንድ ቀን ያቺን በር ከፍተው ሲገቡ ከሩቅ አየኋቸው፤ ከመግባታቸው በፊት ቆባቸውን አወለቁ። በሩ አጭር ስለሆነ ቆባቸውን እንዳይጥልባቸው ነበር። እኔ ግን የማየውን አይቻለሁ።

ጥር ላይ የሲኞራ የወንድም ልጅ ጊዶ ከሮም ወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ጠበቃ ነው። እማዬ ዶቶሬ ብለሽ፣ አንቱ ብለሽ አናግሪው ብትለኝም ለእሱ አንቱታ ከልቤ አልወጣልኝም፤ እስከ ዛሬም አልወጣ። ወረቀቱን የሲኞራ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ግቢው ለሰርግ ይከራያል፤ ለሰርገኛ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ያስፈልጋል። ኮረብታው ተስተካክሎ፣ ዛፎቹ ተቆርጠው፣ ያ ጉድጓድ በፍርስራሽ ድንጋይ ይሞላል።

«የትኛው ጉድጓድ?» አልኩ ለእማዬ በጆሮዋ።

«ያ ክቡ ቤት። ድሮ ማቀዝቀዣ ሳይኖር የክረምቱን በረዶ ለበጋ የሚያስቀምጡበት ነው። ኔቪዬራ ይሉታል።»

አላመንኳትም። በረዶ ዛፍ ተተክሎለት፣ ቆብ ወልቆለት? እናቴ ልጅ እንዳያዝን ነገር ትደብቃለች። እኔ የተረዳሁት፣ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ሊደፈን መሆኑን ብቻ ነው። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ እማዬ እረፍት የምታገኘው በአሥራ አምስት ቀን አንድ እሑድ ነው። በመካከል ያሉትን ቀናት ሁሉ እኔ የምሳለመው እዚያ ኮረብታ ላይ ነበር። እሱን ከነጠቁኝ ምን ይቀረኛል?

በዚያው ሰሞን በረዶ ጣለ። የሮም ሰው በረዶ ሲያይ ትንሣኤ የመጣ ይመስለዋል፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ፑልማን ቆመ። እኛ ዘንድ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ጊዶም መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቶ ነበር። ጋሽ ኔሎ ጠዋት በጫማቸው በረዶ ይዘው ወደ ሲኞራ ክፍል ዘለቁ፤ እማዬ ወለሉን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

«ሲኞራ፣ ኔቪዬራዋን ልሙላት» አሉ።

«በምን ሰው?» አሉ ሲኞራ።

«አባቴ ሲሞላት አብሬው ረግጫለሁ። ለማዶና በዓል ያደርሳት ነበር፤ እኔም አደርሳታለሁ።»

ማዶና ያሏት ማዶና ዴላ ኔቬ፣ የበረዶዋ ማርያም ናት። በጥንት ዘመን በበጋው እኩሌታ እመቤታችን ሮም ላይ በረዶ አውርዳ ምልክት ሰጠች ይላሉ። በዓሏ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ ልትገባ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። መንገድ ዳር ባለችው ቤተ ጸሎት በዚያ ቀን በበረዶ ፈንታ ነጭ የአበባ ቅጠል ይበትናሉ።

ጊዶ ሳቀ። «ሶር ኔሎ፣ በረዶው ይቅርና እርስዎ እስከ ማዶና መድረስዎን ነው እኔ የምጠራጠረው።»

«አሎራ፣ እንግዲያውስ እኔ ካልደረስኩ አንተ ትከፍታታለህ።»

ሲኞራ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። «በረዶው ለበዓሉ ከደረሰ ኔቪዬራዋም ዛፎቹም እኔ ከሞትኩ በኋላ እንኳ አይነኩም፤ ለኖታዮ፣ ለውል ጸሐፊው፣ እሰጠዋለሁ፣ ይጽፈዋል። ካልደረሰ ጊዶ ድንጋዩን ያምጣ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ ጋሽ ኔሎ። «ካልደረሰ የመጀመሪያውን ጋሪ ድንጋይ ራሴ እገፋለሁ።»

ከመንደሩ ስድስት ሽማግሌዎች አካፋና ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ይዘው መጡ። የአንዱ ጉልበት አይታጠፍም፣ የአንዱ ወገብ አይቃናም፤ እርስ በርሳቸው ሲሰዳደቡ ግን ኮረብታው ሞቀ። ጋሽ ኔሎ በሩን ከፈቱ። አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ በጡብ የተሠራ ክብ ጉድጓድ፣ ጥልቅ፣ ከታች በኩል ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው። ቅድስት የለ፣ መቅደስ የለ። ታቦቱን ከጊዶ ሸሽገውታል አልኩ በልቤ። ልጅ አንዴ ያመነውን በቀላሉ አይለቅም።

በረዶው ተረግጦ ድንጋይ ካልሆነ አይቆይም። ለዚህ ደግሞ ቀለል ያለ ሰው ያስፈልጋል፤ ሽማግሌዎቹ መሰላል አይወርዱም። እማዬና እኔ ወረድን። ከላይ በረዶ ይወርድልናል፣ እንረግጣለን፤ ስንዝር ሲሆን ጭድ ይወርድልናል፣ እናነጥፋለን፤ እንደገና በረዶ። እማዬ በለሆሳስ መዝሙር ጀመረች፤ እግሯ ዜማውን ይከተላል። ድንገት እግሬን አየች።

«ጫማሽስ?»

«ውጭ ነው።»

«በባዶ እግርሽ? በበረዶ ላይ?»

«ቤተ ክርስቲያን በጫማ ይገባል እንዴ?»

እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። መጀመሪያ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ዝቅ ብላ እግሬን በነጠላዋ ጠቀለለችው፣ በእጆቿ አሸችው። «በረዶ ቤት ነው አላልኩሽም? ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ የእኔ እናት።»

«ሊደፍኑት ነው ግን።»

«አይደፍኑትም።» ወደ ላይ ተጣራች። «ጋሽ ኔሎ! ጫማ ይወርውሩልኝ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ረገጥን። ጉድጓዱ እስከ በሩ ደፍ ድረስ ሲሞላ በላዩ ክንድ ሙሉ ጭድ ከመርንበት። ጋሽ ኔሎ የሳንቃውን በር ዘግተው ቁልፉን ኪሳቸው ሲከቱ እማዬ መንገድ ዘጋችባቸው።

«በቃ? እንዲህ ነው የሚዘጋው?»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«በሳንቃው መካከል እጄ ይገባል እኮ። አባትዎ እንዲህ ነበር የሚዘጉት?»

ጋሽ ኔሎ አገጫቸውን አከኩ። በሩ ሲዘጋ እሳቸው እራት ሊበሉ ወደ ቤት ተልከው ነበር፤ አባታቸው እንዴት እንደዘጋው አላዩም። ሰባ ዓመት ሙሉ ያላሰቡበትን ነገር ያን ጊዜ አሰቡት። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ።

እማዬ ግን የማሽላ ጉድጓድ ልጅ ናት። ጨርጨር ላይ እህል የሚቀመጠው በጎተራ ብቻ አይደለም፤ መሬት ተቆፍሮ፣ ውስጡ በጭቃና በእበት ተመርጎ፣ አፉ ትንፋሽ እንዳይገባበት ይታተማል። አባቷ ሦስት ዓመት አቆይተው ያወጡት ማሽላ ነቀዝ እንዳልነካው ስንቴ ነግራኛለች። «ማሽላ የሚያቆይ በረዶ አያቆይም?» አለች። «ጭቃና ጭድ አለ። እበት ብቻ ነው የጎደለኝ።»

እበቱ ከጎረቤት ከብት ርቢ በጋሪ መጣ። እማዬ በሩን ለጊዜው በጭድ ጆንያ ደግፋ፣ ጭቃውን አምስት ቀን አሰነበተችው፤ ያልሰነበተ ጭቃ ይሰነጠቃል። በየቀኑ ውኃ እየጨመረች፣ እየረገጠች፣ እስኪሸት ድረስ ጠበቀች። ስድስተኛው ቀን እጅጌዋን ሰብስባ መረገች። ጊዶ መንገድ ተከፍቶለት ሊሄድ ሲል መጣ፣ አፍንጫውንም ያዘ።

«ሲኞራ ቢርኬ፣ እበት በእጅ?» ስሟ ብርቄ ነው፤ አንዱም አስተካክሎ ጠርቷት አያውቅም።

«በምን ላድርገው ዶቶሬ?» አለችው ቀና ሳትል። «በሹካ?»

ሽማግሌዎቹ ያቺን መልስ እስከ ፋሲካ ሲቀባበሏት ከረሙ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ነው። እኔ መጠበቅ አላውቅበትም።

ቤተ ክርስቲያን አለመሆኑን በአፌ ተቀብያለሁ፤ ከስኩላቡስ፣ ከትምህርት ቤቱ አውቶቡስ፣ ስወርድ ግን እግሬ ወደዚያው ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን በሩን ስስም፣ በሳንቃውና በድንጋዩ መቃን መካከል ጭቃው ሳሳ ያለበት ቦታ አገኘሁ። ጣቴን ጫን ሳደርገው ገባ። ሳወጣው ከቀዳዳው ትንፋሽ መጣ፤ ቀዝቃዛ፣ ጭድ ጭድ የሚል፣ እርጥብ ድንጋይ ድንጋይ የሚል። አፍንጫዬን ገጥሜ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አሽትቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላገኘሁም።

በማግስቱ ስመለስ ቀዳዳው የለም። ድፍን ነው።

እንደገና ወጋሁት። ትንፋሹ መጣ። በማግስቱ ድፍን። በሦስተኛው ቀን ጣቴን ከመስደዴ በፊት አማተብኩ። ግድግዳው ራሱን በራሱ ይፈውሳል! ለማንም አልነገርኩም፤ ተአምር ያየ ሰው አይፎክርም ተብያለሁ። በየቀኑ፣ ከእሑድ በቀር፣ ጣቴን እየሰደድኩ፣ ብርዱን እየተሳለምኩ፣ ሁለት ወር ያህል ኖርኩ።

ሰኔ ሲገባ የዛፎቹ ግንድ ላይ ቀይ መስቀል ተቀብቶ አገኘሁ። በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ! ጊዶ ንስሐ ገብቶ አስባርኳቸው መሰለኝና ሮጬ ለጋሽ ኔሎ ነገርኳቸው። ከፊታቸው ላይ ደስታ ጠፋብኝ። «ልጄ፣ የሚቆረጥ ዛፍ ነው እንዲያ ምልክት የሚደረግበት» አሉኝ። ጊዶ በረዶው ይደርሳል ብሎ ለአንድ ቀን እንኳ አላሰበም ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ኔሎ ሲኞራ አጠገብ ተቀምጠው፣ እኔ ከእግራቸው ሥር ባቄላ ስፈለፍል፣ ሴትዮዋ ጠየቋቸው። «እንዲህ ያለ ሙቀት ገድሎት ይሆን?»

«በረዶን የሚገድለው ፀሐይ አይደለም ሲኞራ፣ ቀዳዳ ነው። የጣት ቀዳዳ ከተገኘች ሙሉውን ትበላዋለች።»

ባቄላው ከእጄ ወደቀ። የጣት ቀዳዳ አሉ። የማንን ጣት አዩ? ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ያን ቀን ወደ ኮረብታው አልወጣሁም፤ ከዚያ በኋላም ጣቴን አላስገባሁም። ግን ሁለት ወር! ለእማዬ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ «ምነው?» ስትለኝ «ውኃ ጠማኝ» እላለሁ። ያን በጋ እንደኔ ውኃ የጠጣ ልጅ የለም።

ሐምሌን በሙሉ ጋሽ ኔሎ የሚጠብቁት ከኮረብታው ሥር የሚወጣውን ቱቦ ነበር። ከበረዶው የቀለጠው በዚያ ይንጠባጠባል። ጠብታው ካለ በረዶ አለ ማለት ነው። በየጠዋቱ ተጎንብሰው ይቆጥሩታል። ለበዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠብታው ቆመ።

ጊዶ ሰማ። «የሚቀልጥ የለም ማለት ነው» አለ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቀስ ብሎ ነው ያለው። ለበዓሉ ቀን ድንጋይ የጫነ መኪና አዘዘ። ጋሽ ኔሎ ቱቦው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ አትክልቱ ቦታ ውስጥ ተንበርክኬ፣ ዓመት ሙሉ ከረሜላ አልበላም ብዬ ተስዬ፣ የእኔን ኃጢአት በጋሽ ኔሎ ላይ አታድርጊው ብዬ እመቤታችንን ለመንኳት።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሲኞራን ከነወንበራቸው ተሸክመው ኮረብታውን ወጡ፤ «ቀስ፣ እኔ ሬሳ አይደለሁም» እያሉ ነው የወጡት። የመንደሩ ሰው ተሰበሰበ። ድንጋይ የጫነው መኪና ከታች ቆሟል። ጋሽ ኔሎ ባዶ ጋሪያቸውን ይዘው ቀረቡ፤ በረዶ ይሁን ድንጋይ የሚገፉበት ገና አልታወቀም።

እማዬ በመዶሻ ጀርባ ምርጊቱን ዙሪያውን መታ መታ አደረገችው። ጭቃው ከሳንቃው ተላቀቀ። ጊዶ በሩን ሊስብ እጁን ሲሰድ እማዬ ያዘችው።

«ቆይ። የታተመ ጉድጓድ ሲከፈት ወዲያው አይገባም። የታፈነ አየር ሰው ይገድላል።»

«እስከ መቼ?»

«ጧፉ እስኪናገር።»

በሩን ገርበብ አድርጋ ሁሉንም ወደ ኋላ መለሰች። ከዚያ ከፋሲካ የተረፈውን ጧፍ አብርታ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ አሥራ፣ ወደ ጨለማው ሰደደችው። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። እሳቱ አልተኛም፣ አልጠፋም፤ ቀጥ ብሎ በራ። «አሁን ይግቡ ጋሽ ኔሎ» አለች።

እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር። በሩ ሲከፈት ከመቃኑ ውስጠኛ ጥግ፣ ጣቴ ትገባበት በነበረችው ቦታ ልክ፣ ከደፉ ላይ የተከመረ ነገር አየሁ። አነሳሁት። ደረቅ ጭቃ ነው፤ የትንሽ ጣት ያህል፣ ድብልብል ያለ። ሌላም አለ። ሌላም። አርባ ይሆናሉ፣ ሃምሳ ይሆናሉ። ሰው ቀዳዳውን በጭቃ ይወትፈዋል፤ እኔ በማግስቱ ስወጋው ያለፈውን ቀን ጭቃ ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ። ግድግዳው ራሱን አልፈወሰም ነበር።

ዞሬ እማዬን አየኋት። እሷ የምታየው ወደ ውስጥ ነው።

ጋሽ ኔሎ ያን ቀን መሰላሉን ራሳቸው ወርደው በአካፋ ጭዱን ገለጡ። ከላይ ያለው ጥቁር፣ የበሰበሰ፣ እርጥብ ነው። ወደ ታች ቆፈሩ። ሌላ ጭድ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ጊዶ ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየ። ድንገት አካፋው ድምፅ አወጣ፤ ብረት ድንጋይ ሲነካ የሚያወጣው ዓይነት። ጋሽ ኔሎ ቆሙ። ተንበርክከው በእጃቸው ጠረጉት። ግራጫ ነው። በአካፋው ጫፍ አንድ ጊዜ ከተፉት፤ ከሥሩ ነጭ ብርሃን ወጣ።

ግማሽ ያህሉ ቀልጧል፤ ግማሹ ቁጭ ብሏል። በኋላ እንደታየው፣ ቱቦውን የዘጋው ጭድ ነበር።

ጋሽ ኔሎ ቆባቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው ሳይሆን ቀጥ ብለው ቆመው ነበር፤ በሩም ከራሳቸው ርቆ ነበር።

«ጊዶ» አሉ ሲኞራ ከወንበራቸው፣ «የመጀመሪያውን ጋሪ የሚገፋው የተሸነፈ ሰው አይደለም እንዴ?»

ጊዶ ኮቱን አወለቀ። ድንጋዩን የጫነው መኪና እንደመጣ ተመለሰ፤ ጠበቃው በነጭ ሸሚዙ የበረዶ ጋሪ እየገፋ ቁልቁለቱን ወረደ። ሽማግሌዎቹ በግራና በቀኝ አጅበው በጠበቃ ማዕረጉ ይጠሩታል።

«አቮካቶ፣ ቀስ! ማስረጃው እንዳይቀልጥ!»

እሱም ሳቀ፤ ላቡ እየተንቆረቆረ ሳቀ። ደወል ተደወለ። በነሐሴ ደጃፍ፣ አስፋልቱ እንደ ሰም በሚለሰልስበት ቀን፣ በረዶ በጋሪ ተጭኖ ወደ ቤተ ጸሎቲቱ ገባ። ያን ዓመት ነጩን የአበባ ቅጠል የበተነ የለም። ሰው ሁሉ እፍኝ በረዶ ከሥዕሏ ሥር አስቀመጠ። እማዬ ቤተ ጸሎቱ የእኛ ስላልሆነ ከደጃፉ ቆመች፤ የእመቤቴ ስም ከተጠራ ግን ዝም ብዬ አልሄድም ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሰገደች። ቀና ስትል የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ወደ እሷ ዞረው ነበር። አንዷ «ብርቄ» አለቻት። በትክክል፣ አንድም ፊደል ሳትስት።

ከሰዓት በኋላ ሐብሐብ በረዶው ውስጥ ቀብረን፣ አውጥተን፣ ጥርሳችን እስኪደነዝዝ በላን። የብርድ፣ የጭድና የሐብሐብ ሽታ አንድ ላይ የገባኝ ያን ቀን ነው።

በማግስቱ እማዬ ቀሪውን በረዶ መልሳ ልትዘጋ ጭቃ አቦካች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ኪሴ ውስጥ ያሉትን የደረቁ የጭቃ ጣቶች እቆጥራለሁ። አንዱን አውጥቼ ሰጠኋት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልተቆጣሽኝም?»

ጭቃውን እያሸች መለሰችልኝ። «መጀመሪያ ቀን ልቆጣሽ ነበር። አንቺን ስኩላቡስ ላይ አሳፍሬ፣ ልደፍነው ስወጣ ግን ከላይ በኩል ሌላ ስንጥቅ አየሁ፤ ፀሐይ የሰነጠቀው። እሱንም ደፈንኩ። በማግስቱ ያንቺን ልደፍን ስወጣ ሌላ። አንዱን ስደፍን አንዱ ይከፈታል። እኔ እንደሆነ መርጌ ጨርሻለሁ ብዬ ትቼው ነበር። ያንቺ ጣት ባይኖር ማን በየቀኑ ወደ ኮረብታው ያወጣኝ ነበር?»

«እኔ ተአምር መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያንሰዋል?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የመጨረሻውን ጥግ ስትመርግ እጇን አቆመች። በሳንቃውና በመቃኑ መካከል፣ ያቺው ቦታ ላይ፣ ጭቃው ገና ያብረቀርቃል። በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ነይ እስቲ። ነገ ጠዋት እደፍነዋለሁ።»

ጣቴን እስከ ሥሩ አስገባሁት። ብርዱ መጣ።